ለሀሊሜ ግራ ዓይን የተነፈገች አንዲት ቃል

ለክቡር የዓይን ሐኪም ቤቱ ዋና አስተዳዳሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ እጅዎ በሚገባበት ሰዓት ሰውነትዎ ጤና፣ ቤትዎ ሰላም፣ ሥራዎ የተቃና፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ሁለቱ ዓይኖችዎ ደህና እንዲሆኑልዎ ከልብ እመኛለሁ። ሌላው ሰው ጤና ሲመኝ በጅምላ ነው የሚመኘው፤ እኔ ግን ካለፈው ጥር ወዲህ ዓይንን ለብቻው ነጥዬ መመኘት ልማድ ሆኖብኛል።

እኔ ከሊፋ ሀሰኖ የምባል፣ በአሩሲ ጠቅላይ ግዛት በአሰላ ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛዬን ዘርግቼ ለባለጉዳይ ራፖር የምጽፍ ሰው ነኝ። ባላገሩ በደሉን በኦሮምኛ ይነግረኛል፤ እኔ ደግሞ ዳኛ በሚወደው አማርኛ አሳምሬ እጽፍለታለሁ። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ትሕትናው ከልክ ያለፈ መስሎ ቢታይዎ የእንጀራዬ ነገር ነውና ይለፉኝ። የሰው አቤቱታ ስጽፍ ጠጉሬ ሸብቶ የራሴን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የእርስዎንም ሆነ የሐኪም ቤትዎን ስም ያልጠቀስኩት ፈርቼ አይደለም። ስም ብጠራ ሌሎቹ ሐኪም ቤቶች እኛን አይደለም ብለው ይህ ደብዳቤ የሚወጣበትን ጋዜጣ ያጥፉታል ብዬ ነው። ነገሩን በአደባባይ ማውጣቴንም በድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ በፖስታ አሽጌ፣ በእጄ ይዤ፣ ከአሰላ ድረስ መጥቼ ነበር። የበሩ ዘበኛ አቶ በዛብህ ግን የጠያቂ ሰዓት እንዳለፈ፣ ለአስተዳዳሪው የሚጻፍ ደብዳቤም ቢሆን በጠያቂ ሰዓት ብቻ እንደሚገባ በጨዋ ደንብ አስረድተው መለሱኝ። የጠያቂ ሰዓት መቼ እንደ ሆነ ብጠይቃቸው እሱንም የሚነግሩት በጠያቂ ሰዓት መሆኑን ገለጹልኝ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ጠባቂ ስላገኙ እንኳን ደስ ያለዎ።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ። ይህኛው እውነተኛው ምስጋና ነው፤ ሌላው በየቦታው ይመጣል።

ባለቤቴን ሀሊሜን ሞራ ዓይኖቿን የጋረዳት ገና በጉልበቷ ሳለች ነው። ትንሿ ልጃችን አስያ ስትወለድ የእናቷ ዓይን ሰውን ከጥላ አይለይም ነበርና ሀሊሜ ልጇን ያወቀቻት በእጇ ነው። ጉንጯን ዳብሳ፣ ጆሮዋን ዳብሳ፣ ግንባሯን ዳብሳ አሳደገቻት። ልጅቱም ከዚህ የተነሣ ሰው ሲጠራት አቤት ከማለቷ በፊት ፊቷን ወደ ሰው እጅ ማስጠጋት ለመደች፤ እንግዳ ሁሉ ይህን አይቶ ይስቃል፣ እኛም አብረን እንስቅ ነበር። ሀሊሜ ወደ እርስዎ ዘንድ የመጣችው ገብስ ለማበጠር ወይም ገበያ ለመውረድ ብላ አይደለም፤ ይህን ያለ ዓይን ችላዋለች። የመጣችው የልጇን ፊት ልታይ ነው።

የእርስዎ ሐኪሞች ግራ ዓይኗን ቀደው ሞራውን አወጡላት፤ እጃቸው ይባረክ። በተሰናበተችበት ቀን በር ላይ ተቀበልኳት። ጠጋ ብላ አየችኝና ጺሜ ነጭ መሆኑን እስከ ዛሬ የደበቅኳት ለምን እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። አውቶቡስ ውስጥም ያገባችው ወጣት ሰውዬ የት እንደ ደረሰ፣ እኔስ የማን አባት እንደ ሆንኩ ደጋግማ እየጠየቀች ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀችብኝ። በዕድሜዬ ተሰድቤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አሰላ ስንገባ፣ ከአውቶቡሱ ወርደን ከተሳፈርንበት ጋሪ ገና ሳትወርድ አስያን አየቻት። ጥርት ብሎ የሚታያት ወደፊት መነጽር ሲሰጣት ነው ተብሏል፤ ለእሷ ግን ብዥታውም በቅቷታል። ልጅቱ የሞተችውን የሀሊሜን እናት መልክ ይዛ ኖሮ፣ ለካ ከእናቴ ጋር ነው የኖርኩት ብላ እዚያው ጋሪው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አስያም እንደ ልማዷ ፊቷን ወደ እናቷ እጅ ብታስጠጋ፣ ሀሊሜ እጇን ወደ ኋላዋ ደብቃ ቁሚ፣ ዝም ብለሽ ቁሚልኝ አለቻት።

ክቡር ሆይ፣ ስለዚያች ቀን እስከ ዕድሜዬ ማብቂያ አመሰግንዎታለሁ። ሀሊሜ ያየችው ግን ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ዛሬ ግራ ዓይኗ ፈጽሞ ጠፍቷል፤ ቀኙም ገና በሞራው እንደ ተጋረደ ነው። እንዴት እንደ ጠፋ በተራ ላስረዳዎ፤ አንደኛ ሁለተኛ እያሉ መዘርዘር የሙያዬ ጠባይ ሆኖብኝ ነውና ይታገሡኝ።

አንደኛ፤ ስለ በሩ። በሐኪም ቤትዎ ደንብ ቤተሰብ ጫጫታና ቆሻሻ ያስገባል ተብሎ ከአጥር ውጭ እንዲቆይ ታዟል። ደንቡን አልነቀፍኩም፤ እኔም ጫማዬ አቧራ እንደ ነበረው አልክድም። ስንቋን ለአቶ በዛብህ አቀብላለሁ፣ ባዶውን ሳህን እቀበላለሁ፣ ሁለት ዓይኗ ታስሮ እንደ ተጋደመች ሰምቼ እመለሳለሁ። የሚደንቀኝ ግን ይኸው ቆሻሻ የተባለው ቤተሰብ፣ በሽተኛዋ ከበሩ ባለፈችበት ደቂቃ ሐኪምም፣ ቁስል አሳሪ ድሬሰርም፣ አስታማሚም ሆኖ መሾሙ ነው። ሹመቱ ድንገተኛ ነው፤ ቃለ መሐላ የለው፣ ትምህርት የለው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልጋዋ አጠገብ ለመቆም ያልታመንኩትን ሰውዬ፣ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ዓይኗን በሙሉ አምናችሁ ስላስረከባችሁኝ ለክብሩ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ምክሩ። ምክር አልተሰጠም ብዬ በሐሰት አልከስዎትም፤ ተሰጥቷል። ይህንንም የነገሩኝ ከሀሊሜ አጠገብ ተኝተው የነበሩት የሁሩታዋ ወይዘሮ ብርቄ ናቸው። በመሰናበቻው ጠዋት ድሬሰሩ ከአዳራሹ መካከል ቆሞ፣ ተሰናባቹ ሁሉ በቤቱ እንዴት መጠንቀቅ እንዳለበት በአንድ ትንፋሽ፣ ጮክ ባለ ድምፅ ተናግሮ ወጣ። አማርኛው ግሩም ነበር ብለውኛል። ሀሊሜ ከአማርኛ የምታውቀው የገበያውን ቁጥርና ሰላምታውን ነው፤ በዚያ ላይ ዓይኗ ገና አልተፈታም ነበር። ሰውዬው ወደ ማን ዞሮ እንደሚናገር አላየችም። አንድ ሰው ብርድ ልብስ ሰርቆ የሚገሠጽ መስሏት ለዚያ ሰው አዝናለት እንደ ነበር በኋላ ነግራኛለች። በዚያች ሰዓት እኔ፣ አማርኛን ወደ ኦሮምኛ ኦሮምኛን ወደ አማርኛ መመለስ የዕለት ሥራዬ የሆነው ሰውዬ፣ ጫማዋን በአንድ እጄ፣ ጋቢዋን በሌላው ይዤ ከብረት በሩ ውጭ ቆሜአለሁ። ምክሩ ከአልጋዋ እስከ እኔ ድረስ ያለውን ግቢ መሻገር አቃተው። ያም ሆኖ ምክሩን ለአዳራሹ ግድግዳ በሚገባ ስለ ሰጣችሁልን አመሰግናለሁ። ግድግዳው እስከ ዛሬ ጎንበስ አላለም፤ ደህና ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ቤታችን። ባለቤቴ በቤተሰቧ ቸልተኝነት የተጎዳች እንዳይመስልዎ አደራ እላለሁ። በቤታችን የጎደለ ፍቅር አልነበረም፤ እንዲያውም ፍቅሩ ነው የበዛው። ወንድሟ ጅብሪል መዳኗን ሰምቶ ከዲክሲስ ለጋ ቅቤ አስጭኖ በፈረስ መጣ። የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ቅቤውን ከአናቷ ላይ አደረጉላት፤ እንዲያልባትም ብለው ከእሳት ዳር አስቀመጧት። ቅቤው እየቀለጠ ወደ ቅንድቧ ሲወርድ ያጠገቧ ያለችው በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግላት ነበር። ከሕመም አልጋ የተነሣ ሰው በእኛ ዘንድ እንደ አራስ ነው የሚያዘው። እኛ አራስ መጠበቅ እናውቃለን፤ የተቀደደ ዓይን መጠበቅ ግን አያት ቅድመ አያታችን አልገጠማቸውምና አላወረሱንም። የሚያውቀው እርስዎ ነበሩ። ማንም ይህን ተዉ ስላላለን የምናውቀውን ሁሉ አሟልተን አደረግንላት።

ቅቤውን ግን ዓይኗ ይችለው ነበር ይሆናል፤ የጎዳት ሌላ ነው። ሀሊሜ ሶላቷን የምታከብር ሴት ናት። ሐኪም ቤትዎ ውስጥ ሁለት ዓይኗ ታስሮ፣ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ራሷን እንኳ እንዳታነቃንቅ ተከልክላ ስትተኛ ሶላቷ ሁሉ አልፏት ነበር። እሷ ያን እንደ ዕዳ ነው የቆጠረችው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ጠይቋት ከተበተነ በኋላ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ውዱእ የምንለውን የሶላት ትጥበት አድርጋ፣ ምንጣፏን ዘርግታ፣ ያለፈውን ሁሉ በአንድ ላይ ልትከፍል ቆመች። በእኛ ሶላት ግንባር ከምድር ይነካል፤ ሱጁድ እንለዋለን። እሷም ግንባሯን ምንጣፉ ላይ እየደፋች፣ እየተነሣች፣ እንደገና እየደፋች ብዙ ቆየች። እኔ ከበሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ አያት ነበር። የዳነ ሰው ሲሰግድ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል ላስረዳዎ አልችልም። ጎረቤት መጥቶ አየና እንዲህ ከበረታችማ ደህና ናት ብሎ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ዓይኗ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ተተረተረ፣ ሙቅ ውኃም እንደ ፈሰሳት ነገረችኝ። ሕመሙ እየጠና ሲሄድ ማየት በነፃ አይገኝም ብላ ቻለችው፤ ልጆቿን ሁሉ ድምፅ ሳታሰማ የወለደች ሴት ናት። ጅብሪልም ቁስል ሲሽር ያማል አለ። የትኛው ሕመም ተኝቶ የሚጠበቅ፣ የትኛው ደግሞ የሚያስሮጥ እንደ ሆነ በቤታችን የሚያውቅ አልነበረም። ዓይኗ መግል ይዞ የበሩን ብርሃን እንኳ ማየት ሲያቅታት አውቶቡስ ላይ አሳፈርኳት። ያን ጊዜ ግን ነገሩ አልቆ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሼኽ ከዲሮ የሰፈራችን መካሪ ናቸው። የሆነውን ብነግራቸው ራሳቸውን ያዙ። ከዚያም የታመመ ሰው ተቀምጦ፣ መቀመጥ ካልቻለም ተጋድሞ፣ ራሱን ዝቅ እንደ ማድረግ ባለ ምልክት ብቻ እንዲሰግድ በሃይማኖታችን የታወቀ ፈቃድ እንዳለው ነገሩኝ። እኔም አውቀው ነበር፤ ሀሊሜም ታውቀው ነበር፤ አሩሲ ውስጥ የማያውቅ ሙስሊም ያለ አይመስለኝም። ያላወቅነው መታመሟን ነው። እናንተ ስታሰናብቷት እኛ የዳነች መሰለን። መድኃኒት አልጎደለንም፣ ገንዘብ አልጎደለንም፣ ፈረንጅም አላስፈለገንም፤ ጎንበስ እንዳትል የምትል አንዲት ቃል ነበረች የጎደለችን። ሌላውን ሼኹ በአንድ አፍታ ይጨርሱልን ነበር።

አራተኛ፤ ስለ ጥያቄው። ሀሊሜን መልሼ ባመጣሁ ዕለት አቶ በዛብህ በሩን ከፍተው ግባ አሉኝ። ሐኪሙ ለሁለተኛ ጊዜ ዓይኗን ገልጠው እንዳዩ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ ለመሆኑ ማን ነው ጎንበስ በይ ያላት ብለው ተቆጡ። ከአጥሩ ውስጥ ስገባ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ለመማር ሲሆን የጠበበው በር ለመወቀስ ሲሆን እንዲህ ሰፊ መሆኑን በማየቴ ተደንቄአለሁ። መልሱ ዘግይቶም ቢሆን ይድረስዎ። ጎንበስ በይ ያላት ፈጣሪዋ ነው፤ ለታመመ ሰው ይቅርብህ ያለውም እሱው ነው። ገና በሽተኛ መሆኗን ሊነግሩን ይገባ የነበሩት ግን እርስዎ ነበሩ።

አዝኛለሁ፣ ክቡር ሆይ። በሙያዬ ያዘነ ሰው ምን ብሎ እንደሚጻፍለት አውቃለሁ፤ ለራሴ ሲሆን ግን ከዚህች ቃል በቀር አልመጣልኝም። የባሰብኝ አስያ ናት። ልጅቱ በዚያች ጥቂት ቀን ውስጥ ፊቷን ለእናቷ ዓይን መስጠት ለምዳ ነበር። አሁንም እናቷ ስትጠራት ሄዳ ፊት ለፊቷ ትቆማለች፤ ቁሚልኝ ተብላ የለ። ዝም ብላ ቆማ ትጠብቃለች። እናትየዋ ሳታያት ስትቀር ጊዜ መልሳ የእናቷን እጅ ፈልጋ ጉንጯን ታስጠጋለች። እኔ ይህን ሳይ ከቤት እወጣለሁ።

እንዲህ ስል ሁሉም የእርስዎ በሽተኛ እንደ ሀሊሜ ሆኗል ማለቴ አይደለም። ወይዘሮ ብርቄ ክርስቲያን ናቸው፤ አማርኛውንም ከሥር ከመሠረቱ ሰምተውታል። ይሁንና ዐቢይ ጾም ሲቃረብ አንድ ነገር ልቤን ነካውና ገብስ ሊጭን በሚወርድ የጭነት መኪና ተሳፍሬ ሁሩታ ሄድኩ። ሴትዮዋ ለጾሙ ስግደት ሲዘጋጁ ደረስኩባቸው። ጎንበስ አትበሉ የተባለው ለእርሻ ሥራና ለእንስራ መስሏቸው እንጂ ለእግዚአብሔርም ጭምር መሆኑን አላሰቡም ኖሯል፤ ድሬሰሩም ይህን ለይቶ አልተናገረም። የደረሰብንን ስነግራቸው አለቀሱ፤ የነፍስ አባታቸውም ወዲያው ስግደቱን በቁመት ጸሎት ለወጡላቸው። የወይዘሮ ብርቄ ዓይን ዛሬም ያያል። ይህን ሥራ የሠራሁት ሳልሾም በገብስ መኪና ላይ ተሳፍሬ ነውና፣ በሥልጣንዎ ጣልቃ በመግባቴ ከፍ ያለ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። የሀሊሜ ቀኝ ዓይን አለ። ሐኪሙ እንዳሉት ይኸኛው ተስፋ አለው፤ ቢቀደድ ያያል። ሀሊሜ ግን እምቢ ብላለች። የፈራችው መቀደዱን አይደለም፤ ሞራ ማውጣቱን ይችሉበታል ትላለች። የምትለው፣ ከወጣ በኋላ የሚጠብቅልኝ ማን ነው፤ እነሱ ለእናንተ አይነግሯችሁ፣ እናንተ አታውቁ፣ በዚህ በቀረኝ ዓይን ቀኑን ከሌሊቱ እለያለሁና እሱን አትንጠቁኝ ነው። ለዚህ መልሱ ያለው ከእርስዎ ጠረጴዛ ላይ ነው።

የምለምንዎ ቀላል ነገር ነው። በሽተኛው ከመሰናበቱ በፊት ከቤተሰቡ አንድ ሰው፣ እግሩን አስታጥባችሁም ቢሆን፣ አልጋው አጠገብ እንዲቆም ይፈቀድለት። ጠብታው እንዴት እንደሚደረግ፣ ጨርቁ እንዴት እንደሚፈላ፣ በሽተኛው በየት ጎኑ እንደሚተኛ ድሬሰሩ በእጁ ያሳየው። ስለ ቅቤው፣ ስለ ጢሱ፣ ስለ ሶላቱና ስለ ስግደቱ፣ የትኛው ሕመም እንደሚያስሮጥም ይንገረው። ሰውዬውም የሰማውን በራሱ ቋንቋ መልሶ ይናገር፤ ከተሳሳተ ይታረም። አስተርጓሚ ቢቸግርዎ በየመሰናበቻው ቀን ከአሰላ መጥቼ እኔ ልቁምልዎ እችላለሁ፤ አቶ በዛብህ ካሳለፉኝ። ይህን ፈቅጃለሁ የሚል ቃል ከእርስዎ ቢደርሰኝ ለሀሊሜ አነብላታለሁ፤ ያን ጊዜ ምናልባት ትመጣለች። ምናልባት አስያን እንደገና ቁሚልኝ ትላታለች።

ከአጥርዎ ውጭ ጫማና ጋቢ ይዞ መቆምን የለመደ፣ ከግድግዳዎ ያነሰ ምክር የደረሰው፣ ሆኖም የቀረችውን አንዲት ዓይን ተስፋ አድርጎ ደጅዎን የሚጠና፣ አክባሪዎ

ከሊፋ ሀሰኖ
አሰላ፣ መጋቢት ፲፱፻፷፭ ዓመተ ምሕረት

ግልባጭ፦
ምክሩን በሚገባ ላዳመጠው ለአዳራሹ ግድግዳ
ለአቶ በዛብህ፣ በጠያቂ ሰዓት

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለሀሊሜ ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ አነበብኩላት፤ አልወደደችውም። ሰውዬውን አበዛህበት ብላ ተቆጥታኝ እስከ ዛሬ ያልነገረችኝን ነገር ነገረችኝ። ያን ዕለት ያለፈውን ሶላት ከፍላ ስትጨርስ፣ የመጨረሻው ሱጁድ ላይ ግንባሯን ከምንጣፉ ሳታነሣ ብዙ የቆየችው ዱአ፣ የልመና ጸሎት፣ እያደረገች ነበር። ዱአው የልጇን ፊት ላሳዩአት ለሐኪሞቹ፣ ለአዳራሹ ሰዎች ሁሉና ስሙን ለማታውቀው ለአለቃቸው ነው። ዛሬም አላቋረጠችም፤ ይህንንም ጻፍለት ስላለችኝ ጽፌአለሁ። ሼኽ ከዲሮ እንዳሳዩአት አሁን የምትለምንልዎ ተቀምጣ ነውና አይስጉ፤ ለእርስዎ ጤና ስትል ቀኙንም አታጣም።